ነገ ስለምንሄድባት ያኺሞቭ

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ነገ ከፕራግ ተነስተን የምንሄድባት ያኺሞቭ በሰሜን ምዕራብ ቼክ፣ ጀርመን ድንበር ጥግ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከካርሎቪ ቫሪ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። ክሩሽኔ ሆሪ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ፣ ጠባብ ሸለቆ ላይ ስለተቆረቆረች ቤቶቿ መንገዱን ይዘው ሽቅብ ወጥተዋል። ከበላይዋ 1,244 ሜትር ከፍታ ያለው ክሊኖቬትስ ተራራ ተጭኗታል። ብርዱ ከባድ፣ ለእርሻ የሚሆነው መሬት ጥቂት ነው። ታዲያ ሰው እዚያ ምን አወጣው? ብር!

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1516 ብር ተገኘና ከተማዋ ተቆረቆረች። በ1530ዎቹ ነዋሪዋ 18,000 ገደማ ደርሶ በቦሄሚያ፣ ማለትም በዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከፕራግ ቀጥላ የምትጠራ ሆነች። ዛሬ 3,000 ሰው እንኳ አይሞላባትም። የአገሩ ባላባት ስቴፋን ሽሊክ ከሚወጣው ብር ትልልቅ ሳንቲም አስመታ። ታለር የተባለው እሱ ነው፤ ዶላርም ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። ሽሊክ ግን ብዙ አልበላበትም፤ በ1526 ሃንጋሪ ውስጥ ሞሃች ላይ ከቱርኮች ጋር ሲዋጋ እዚያው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳንቲም የመምታቱን መብት የቦሄሚያው ንጉሥ ፈርዲናንድ ወሰደው።

አያቶቻችን የተገበያዩበት፣ ሴቶቹም አንገታቸው ላይ ያሰሩት ጠገራ ብር የዚሁ የታለር ዘር ነው። ምስሏ ያለበት ማሪያ ቴሬዛ የቦሄሚያም ንግሥት ነበረች፤ በ1743 ዘውድ የጫነችው እዚሁ ፕራግ ነው። የእኛ ጠገራ ግን ያኺሞቭ ውስጥ አልተመታም፤ ነገ ሙዚየም የሆነውን የድሮ ሳንቲም መምቻ ቤት ስናይ አስጎብኚውን በዚህ እንዳታደርቁት።

ብሩን ያወጡት ሰዎችስ? በ1525 ምሬት በዝቶባቸው አምጸዋል። ከ1527 ጀምሮ የከተማዋ ሐኪም የነበረው አግሪኮላ ስለ ማዕድን ቆፋሪዎች በሽታ ሲጽፍ፣ በካርፓቲያን ተራሮች ሳንባ የሚበላው ደዌ እየቀጠፈባቸው ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች እንዳሉ ጠቅሷል። በያኺሞቭም ቆፋሪው በወጣትነቱ ይሞት ነበር። ምክንያቱ በዋሻው አየር ውስጥ ያለው ሬዶን የሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ እንደሆነ፣ በሽታውም የሳንባ ካንሰር እንደሆነ የታወቀው ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው።

ሬዶኑ የሚወጣው ከዩራኒየም ነው። ብር ፈላጊዎቹ እንደ ውዳቂ የጣሉት፣ ዩራኒየም ያለበት ጥቁር፣ ከባድ ድንጋይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብርጭቆ ማቅለሚያ ሆነ። ሳይንቲስቷ ማሪ ኩሪና ባሏ በ1898 ሬዲየም የሚባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያገኙት ከያኺሞቭ በመጣ ማዕድን ነው። በ1906 ደግሞ ከጉድጓዱ በሚወጣው ጨረር አዘል ውኃ የጠበል ያህል ሕመምተኛ የሚጎርፍበት መታጠቢያ ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪው ነዋሪ ተባረረ። ሶቪየት ኅብረት ዩራኒየሙን ለአቶሚክ ቦምብ ፈለገችው፤ የኮሚኒስቱ መንግሥትም ከ1949 ጀምሮ የፖለቲካ እስረኞችን ወደ ጉድጓዱ አወረደ። ካህን፣ መምህር፣ ገበሬ፣ ወታደር፣ ማንም አልቀረ። ኒኮላይ በሚባለው ካምፕ እስረኞቹን አምስት አምስት አሰልፈው፣ ሁሉንም በአንድ የብረት ገመድ ዙሪያቸውን ጠፍረው ወደ ሥራ ይነዷቸው ነበር። አንዱ ከተደናቀፈ ሌላው ላይ ይወድቃል። ኦስትሮቭ ከተማ አጠገብ ባለው ቀይ የጡብ ግንብ ውስጥ ደግሞ የዩራኒየም ድንጋይ እየፈጩ በርሜል ሞሉ፤ አቧራውን የሚከላከል አንዳች ነገር አልተሰጣቸውም። የሞት ግንብ ይሉታል። ግንቡም የያኺሞቭ የማዕድን ሥፍራም በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል።

ስለዚህ ነገ መጀመሪያ የምንቆመው ግንቡ ጋ ነው። ቀጥሎ የያኺሞቭ ሲኦል የሚባለውን፣ በካምፖቹ በኩል የሚያልፈውን የእግር መንገድ እንይዛለን። ሙዚየሙና መታጠቢያው ከሰዓት ይደርሳሉ። ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቅሬታ ያለው እኔን ይውቀሰኝ። ዳገት አለ፣ ጠንካራ ጫማ አድርጉ፤ ጋቢም ቢሆን ደርቡ። አውቶቡሱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሳል፤ በሐበሻ ሰዓት የሚመጣውን አይጠብቅም።

አመሰግናለሁ።