ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

የእድራችን ዳኛ «በጨለማ ስለሚያይ መሣሪያ አስረዳን» ብለው ሲጠሩኝ አላቅማማሁም። ካሜራ መግጠም እንጀራዬ ነውና አንዳንዶቻችሁ «ሊሸጥልን መጣ» ብላችሁ ሳትጠረጥሩ አትቀሩም። ዛሬ ምንም አልሸጥም። እንዲያውም ለመግዛት ያሰባችሁትን ሐሳብ ሳላስቀይራችሁ አልቀርም።

ከራሴ ጉድ ልጀምር። ባለፈው ክረምት በግቢዬ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር አንድ ካሜራ ሰቀልሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከፍቼ ባይ አንድ ነጭ ነገር ግቢውን ሞልቶ ይወዛወዛል። ባለቤቴ አማተበች፤ እኔ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል፣ ግቢው ጭር ብሏል፤ ውሻችን ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ ተኛ። ለካስ ሌባዋ ሸረሪት ናት! ከካሜራው ዓይን አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ድሯን አድርታለች።

የቤት ካሜራ በጨለማ የሚያየው ራሱ በሚረጨው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ኢንፍራሬድ ይባላል፤ የእኛ ዓይን አያየውም ማለት ይቻላል። ሙከራ ከፈለጋችሁ የቴሌቪዥን ሪሞታችሁን ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አዙራችሁ ቁልፉን ተጫኑ፤ በብዙዎቹ ስልኮች ላይ ጫፉ ሲበራ ታዩታላችሁ። የብርሃናቸው የሞገድ ርዝመት 850 ናኖሜትር የሆነ ካሜራዎች ቀረብ ብሎ ላያቸው ደብዛዛ ቀይ ፍም ይመስላሉ። የ940ዎቹ ጨርሶ አይታዩም፤ ርቀታቸው ግን ያጥራል። ድሩ፣ የዝናብ ጠብታው፣ የጣሪያው ክፈፍ ለካሜራው ከቀረበ ያንን ብርሃን መልሶ ይረጭበታል፤ ከጀርባው ያለው ሰው ይሰወራል። ስለዚህ ካሜራችሁን ከክፈፉ አርቁት፣ በየሳምንቱም በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ካርቶኑ ላይ «30 ሜትር» ቢልም በዚያ ርቀት የምታዩት ሰው መኖሩን እንጂ ማንነቱን አይደለም።

ወታደር የሚያጠልቀው አረንጓዴ የሚያሳየው መነጽር ሌላ ነው። የከዋክብትን ጭላንጭል ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሮን ይለውጣል፣ በሺዎች ያባዛዋል፣ መልሶ በትንሽ መስታወት ላይ ያበራዋል። የሚያባዛው ብርሃን ከሌለ፣ በተዘጋ ጎተራ ውስጥ፣ እርሱም እንደ እኔና እንደ እናንተ ነው። የሙቀት ካሜራ ደግሞ ብርሃን አይፈልግም፤ የገላን ትኩሳት ያነብባል። ሆኖም የመስኮት መስታወት ይጋርደዋል፤ ከሳሎን ሆኖ ውጭውን ለማየት የገዛው ሰው የሚያየው መስታወቱን ነው። ያለንበትን ጊዜ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ቢገኝ ከሌባው በፊት የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። በእኔ በኩል አልመክርም።

ነጻ የተሰጠንን መሣሪያ ግን ረስተነዋል። ዓይናችን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ያንን ሁሉ ትዕግሥት አንድ ኃይለኛ የእጅ ባትሪ በቅጽበት ያጠፋዋል። ሌሊት ድምፅ ስትሰሙ ፓውዛውን ቦግ አታድርጉ፤ ባትሪውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ ያዙ። የምታዩትን ነገር ትኩር ብላችሁ ሳይሆን ከጎኑ ተመልከቱ፤ የዓይናችን ጠርዝ በጨለማ ከመካከሉ ይልቅ ያያል። እረኛ ሆኖ ያደገ ይህን ያውቀዋል። ልጅ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በርጩማው የሚሰናከል ከሆነ ደግሞ ዳፍንት ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለዳፍንት የሚረዱት ጉበት፣ ጎመንና ካሮት ከመነጽሩ ይረክሳሉ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም ይጠፋል፤ ሌባም ይህን አያጣውም። አንድ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ካሜራና ራውተርን፣ ሁለቱ በአንድነት 12 ዋት ያህል ቢበሉ፣ አራት አምስት ሰዓት ያቆያል። ከሁለተኛ ካሜራ በፊት ይህን ግዙ።

የፋሲል ግቢ ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 12 በሮችም አሉት። ነገሥታቱ አንድ በር አልበቃቸውም። እኛ በአንዲት የብረት በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር ደርድረን፣ መስኮቱን በብረት ዘግተን፣ ቁልፉን ከፍራሽ ሥር እንወሽቃለን። እሳት ቢነሳስ? በጭስ ውስጥ ተንበርክኮ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው አስቡ። ቁልፉ ከበሩ አጠገብ፣ የውጭ እጅ በማይደርስበት ምስማር ላይ ይንጠልጠል፤ ልጆቹም በዳሰሳ ያግኙት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው፤ ስልኩ ሲሞት ቁጥሩ አብሮት ይሞታልና በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ።

በሐምሌ ብርድ ከሰል ወደ መኝታ ቤት የምታስገቡ ደግሞ ስሙኝ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። ከዘረዘርኋቸው መሣሪያዎች አንዱም አያየውም። ምድጃው ውጭ ይደር።

አንድ ልመና አለኝ። በጨለማ የታየ ጥላ ሁሉ ሌባ አይደለም። ምጥ የያዛት ሚስቱን ይዞ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት በካሜራ ላይ ከሌባ አይለይም። ስሙን ጠይቁ፣ ድምፁን ስሙ፤ እስከዚያ ድረስ እጃችሁ ዱላም ሆነ ሌላ ነገር አይሰንዝር።

ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ አዳነው ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን። ንብ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። እኛን በሌሊት ማን ይጠራናል? ጡሩንባችን አለ፤ ነገር ግን በእኩለ ሌሊት ቢነፋ ሁላችንም ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ ለለቅሶ ተዘጋጅተን ነው የምንደርሰው። ስለዚህ በየቤቱ አንድ ፊሽካ ይኑር እላለሁ፤ ሦስት ጊዜ ከተነፋ «ድረሱልኝ» ማለት ይሁን። ዋጋው ከእድሩ ሣጥን ይውጣ ወይስ እያንዳንዳችን እንግዛ የሚለውን ለእናንተ እተዋለሁ። ዳኛችን፣ መድረኩን ተረከቡኝ።