ወንበሩ ትልቅ፣ እጁ አጭር

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ! በዚህ ሰዓት ኦክላንድ ውስጥ ፓርኪንግ አግኝቶ እዚህ መድረስ ራሱ ቀላል አይደለም።

«የልጆቻችንን ትምህርት የሚወስነው ማነው?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። በአንዲት ሴት ታሪክ ልመልስ። ዲሌን ኢስቲን ይባላሉ፤ በ2024 ነው ያረፉት። የፖለቲካ ሥራቸውን የጀመሩት እዚሁ ጎረቤታችን ዩኒየን ሲቲ፣ ከተማው ምክር ቤት ውስጥ ነው። በ1986 ለካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተመረጡ። የትምህርት ኮሚቴውንም መሩ። በ1994 ደግሞ የስቴቱ የትምህርት ሱፐርኢንቴንደንት፣ ማለት የስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሆነው ተመረጡ። በምርጫ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ይህን የሰማ ሐበሻ «አደጉ፣ ተሾሙ» ይላል። እኛ ዘንድ መሾም ማለት ማዘዝ ነዋ! እዚህ ግን ሱፐርኢንቴንደንቱን ሕዝብ ይመርጣል፤ ፖሊሲ የሚያወጣውን የስቴቱን የትምህርት ቦርድ የሚሾመው የስቴቱ ገዢ (ገቨርነሩ) ነው። ኢስቲን ተራ የምክር ቤት አባል ሳሉ ቢያንስ በጀት ላይ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ትልቁ ወንበር ላይ ሲወጡ እሱም ቀረ። በዚያ ላይ እሳቸው ዴሞክራት፣ ገዢው ፒት ዊልሰን ሪፐብሊካን።

አንድ ነገር ላይ ግን ተገናኙ። ጁላይ 1996 ሕግ ወጣ። በትንንሾቹ ክፍሎች፣ እስከ ሦስተኛ ድረስ፣ 30 ገደማ የነበረውን ተማሪ ወደ 20 ላወረደ ትምህርት ቤት በተማሪ 650 ዶላር የሚሰጥ ነበር። ትምህርት ሊከፈት የቀረው ሳምንታት ነው! ክፍል ከየት ይምጣ? ተገጣጣሚ ክፍሎች በየግቢው ተደረደሩ። አስተማሪስ? ሙሉ ፈቃድ የሌላቸው ሁሉ ተቀጠሩ። ልምድ ያላቸው አስተማሪዎች ደግሞ ከድሃው ሰፈር እየለቀቁ ደህና ወደሚባለው ሄዱ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ወላጅም ወዶት ነበር። ዕዳው ግን የወደቀው እንደኛ ዓይነቱ ሰፈር ላይ ነው።

ገንዘቡን ልውሰድ አልውሰድ፣ ማንን ልቅጠር የሚለውን የወሰኑት በስቴቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ያሉት አይደሉም። ወደ 1,000 የሚጠጉት የየአካባቢው ስኩል ቦርዶች፣ ማለት የሰፈር ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩት ቦርዶች፣ ናቸው። ከኢስቲን በኋላ በዚያው መንገድ የሄዱት ቶኒ ተርመንድ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም። በ2014 ምክር ቤት፣ በ2019 ሱፐርኢንቴንደንትነት ከመግባታቸው በፊት እዚሁ ሪችመንድ አካባቢ ስኩል ቦርድ ውስጥ ሠርተዋል።

ስለዚህ ለሳክራሜንቶ ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት የሰፈራችን ስኩል ቦርድ ስብሰባ እንሂድ። ማንም ሰው ስሙን አስመዝግቦ መናገር ይችላል። «እንግሊዝኛዬ አያደርሰኝም» የሚል ካለ አብሬው እሄዳለሁ። ቡናው ግን በሱ ነው።