አፏን ከዘጋች በኋላ የምታወራዋ ሴትዮ፦ ብሉቱዝ፣ ፊልምና የዘገየ ድምፅ

ናሆም፦ ቤዚ፣ የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማታ በገዛ ቤቴ ተዋርጄ ነው የመጣሁት።

ቤዛ፦ (ትስቃለች) ምን ሆንክ ደግሞ?

ናሆም፦ ፕሮጀክተር ገዛሁ ብዬ ስንት ሳምንት እንደጎረርኩ ታውቂያለሽ። እና እማዬን ጠራኋት። ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርኩ፣ ፈንድሻው ተፈነዳ፣ ቡናውም ተፈላ። የፕሮጀክተሩ የራሱ ድምፅ ግን ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው የሚመስለው። ስለዚህ በብሉቱዝ ከትልቁ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። ፊልሙ ተጀመረ። አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ እማዬ፣ «ይቺ ሴትዮ አፏን ከዘጋች በኋላ ነው እንዴ የምታወራው?» አለችኝ።

ቤዛ፦ እናትህ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ደህና ነው ማለት ነው።

ናሆም፦ እኔ ነኝ ደህና ያልነበርኩት። ሪሞቱን ይዤ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። «ኤቪ ሲንክ» የሚል የድምፅና የምስል ማስታረቂያ አገኘሁ። ከ0 እስከ 200 ይላል። ተገላገልኩ ብዬ እስከ ጥግ ገፋሁት።

ቤዛ፦ ባሰ።

ናሆም፦ ባሰ! እንዴት አወቅሽ?

ቤዛ፦ ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነዋ። እኔ ቪዲዮ ስቆርጥ ነው የምውለው፣ ድምፅና ምስል ማስታረቅ እንጀራዬ ነው፣ ግን ቤቴ ውስጥ እኔም ወድቄበታለሁ። ያቺ ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ የምታውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ድምፁን ታዘገያለች። ያንተ ድምፅ ደግሞ መጀመሪያውኑ የዘገየ ነው።

ናሆም፦ ታዲያ ምን ልትሠራ ተቀመጠች?

ቤዛ፦ ለተቃራኒው ችግር። የዛሬ ቴሌቪዥን ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ብዙ ይሠራበታል። ያጠራዋል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሰዋል፣ አንዳንዱ በመሃል ተጨማሪ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ይፈጥርለታል። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ድምፁ ግን በገመድ ወደ ሳውንድባር ከሄደ ወዲያው ይደርሳል። ያኔ ድምፁ ይቀድማል። ለእሱ ድምፁን ማዘግየት መድኃኒት ነው። በብሉቱዝ ጊዜ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ድምፁ ገና መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ያለውን ሪሞት ይዘህ «ፍጠን» ልትለው አትችልም። የምትችለው ቀድሞ የደረሰውን ምስል «ቁጭ ብለህ ጠብቅ» ማለት ብቻ ነው።

ናሆም፦ እሺ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ብሉቱዝ የሚሄደው በሬዲዮ ሞገድ አይደል? በብርሃን ፍጥነት። ከፕሮጀክተሬ እስከ ስፒከሩ ሦስት ሜትር አይሞላም።

ቤዛ፦ ያዘገየው ጉዞው አይደለም፣ ዝግጅቱ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ይጨመቃል፣ ከዚያ በትናንሹ ተከፋፍሎ ይላካል፣ ስፒከሩ ተቀብሎ ይፈታዋል። ትልቁ ነገር ግን ስፒከሩ የመጣለትን ወዲያው አያጫውተውም። መጀመሪያ ያጠራቅማል። ቤትህ ሮቶ አለህ አይደል?

ናሆም፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ማን አለ?

ቤዛ፦ አዎ። ከመንገዱ ውሃው ሲጠፋ ያንተ ቧንቧ አይቋረጥም፣ ከሮቶው ስለሚወርድ። ግን ዛሬ ፊትህን የታጠብክበት ውሃ ትናንት የገባ ነው። ብሉቱዝም እንደዚያው ነው። የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። እዚያው ላይ ያንተም የጎረቤትህም ዋይፋይ አለ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም አለ። አንዳንዱ ዳታ መንገድ ላይ ይጠፋና እንደገና ይላካል። ስፒከሩ ሮቶው ውስጥ ትንሽ ካልያዘ ድምፁ ይንተባተባል። መንተባተቡን ለማጥፋት ሲባል መዘግየቱን ተቀበልን።

ናሆም፦ ስንት ነው የምንዘገየው?

ቤዛ፦ እንደ አጨማመቁ ነው። ኮዴክ የሚሉት ማለት ነው። ኤስቢሲ የሚባለውን ለሙዚቃ የተሠራ ብሉቱዝ ሁሉ ያውቀዋል። በእሱ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ትዘገያለህ፣ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ አንዱ ፍሬም ወደ 42 ሚሊሰከንድ ይመጣል። ስለዚህ 200 ሚሊሰከንድ ማለት ድምፁ አምስት ፍሬም ያህል ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። እናትህ ያዩት እሱን ነው።

ናሆም፦ ፈጣን ኮዴክ የለም?

ቤዛ፦ አለ። አፕትኤክስ ሎው ሌተንሲ የሚባለው ወደ 40 ያወርደዋል። ችግሩ ላኪውም ተቀባዩም ሊያውቁት ይገባል። አንደኛው ብቻ ካወቀው ተመልሰው ሁለቱም በሚያውቁት እንደ ኤስቢሲ ባለ ሌላ ኮዴክ ነው የሚግባቡት። አይፎን ደግሞ አፕትኤክስን ጨርሶ አያውቅም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይተህ ብቻ አትግዛ።

ናሆም፦ እኔ የገረመኝ ግን እማዬ ናት። አንድ አምስተኛ ሰከንድ እኮ ነው! እንዴት ታወቃት?

ቤዛ፦ ሰው ለዚህ ነገር ስሱ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር አለ። ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ በ45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ ነው ይላል። አየህ፣ ሁለቱ እኩል አይደሉም። የቀደመ ድምፅ ቶሎ ይረብሸናል። የዘገየውን ግን እንታገሳለን።

ናሆም፦ ለምን?

ቤዛ፦ ለእኔ የሚመስለኝ የዘገየውን ስለለመድነው ነው። መብረቁን አይተህ ነው ነጎድጓዱን የምትሰማው። ሩቅ ያለ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው አርፎ ነው ድምፁ የሚመጣው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። መስቀል አደባባይ ትልቁ ስክሪን ጋ ስፒከር ቢኖርና አንተ መቶ ሜትር ርቀህ ብትቆም፣ ድምፁ ወደ 0.3 ሰከንድ ይዘገይብሃል። በተፈጥሮ ግን ከመጥረቢያው ቀድሞ የሚሰማ ድምፅ የለም።

ናሆም፦ እና የሳሎኔ ሦስት ሜትር?

ቤዛ፦ ዘጠኝ ሚሊሰከንድ ነው። እርሳው።

ናሆም፦ እሺ፣ ወደ መፍትሔው እንሂድ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቤዛ፦ መጀመሪያ ማን እንደቀደመ እወቅ። ከንፈር ተመልከት። ግን ዝም ብሎ ከንፈር አይደለም፣ በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ ሲነገሩ ተመልከት። እነዚህን ከንፈር ሳይገጥም ማንም ሊላቸው አይችልም። አንተ «አባባ» በል እስቲ።

ናሆም፦ አባባ። (ቆም ይላል) እውነትም ሁለቴ ገጠመ።

ቤዛ፦ የሚያወራ ሰው ፊቱ ቀረብ ብሎ የተቀረጸበት ቦታ ፈልግ። ከንፈሩ ገጥሞ ተከፍቶ ካበቃ በኋላ «በ»ን ከሰማህ ድምፁ ዘግይቷል። ከንፈሩ ገና ሳይገጥም ከሰማህ ቀድሟል። አደራ ግን ካና ላይ በሚታይ የቱርክ ድራማ እንዳትሞክረው።

ናሆም፦ (ይስቃል) እዚያማ አፉ ቱርክኛ፣ ድምፁ አማርኛ!

ቤዛ፦ በትርጉም ድምፅ ስትለካ ብታድር አይገጥምልህም። ከዚያ የሚሻል አለ። ስልክህን አቁምና ራስህን ስታጨበጭብ ቅረጽ። አንድ ጭብጨባ፣ ትንሽ ዝምታ፣ አንድ ጭብጨባ። ፊልም ሠሪዎች ቀረጻ ሲጀምሩ ያቺን ሰሌዳ «ቀጭ» የሚያደርጓት ለዚሁ ነው፣ ድምፁና ምስሉ በኋላ ሲቆረጡ የሚጋጠሙበት ነጥብ እንዲኖር።

ናሆም፦ ቀረጽኩ እንበል።

ቤዛ፦ ወደ ላፕቶፕ ገልብጠው። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝ። ብሉቱዙን ከፕሮጀክተሩ ሳይሆን ከላፕቶፑ ወደ ስፒከሩ አድርገው። ቪዲዮውን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈትና የጄን ቁልፍ ተጫን። በዊንዶውስና በሊኑክስ በእያንዳንዷ ጄ ድምፁ 50 ሚሊሰከንድ ወደፊት ይመጣል። ኬ ደግሞ ትመልሰዋለች። ማክ ላይ ኤፍ እና ጂ ናቸው።

ናሆም፦ ቆይ ቆይ። ድምፅን ማፍጠን አይቻልም ብለሽኝ አልነበር?

ቤዛ፦ ጥሩ ያዝክ! የፈጠነ ነገር የለም። ፊልሙ ፋይል ነው፣ ቪኤልሲ ወደፊት ያለውን ማንበብ ይችላል። የድምፁን መሥመር ከምስሉ ቀደም አድርጎ ይልከዋል። ሠርጉ እንዳይረፍድባቸው ሽማግሌዎቹን አስቀድመህ በታክሲ እንደምትልካቸው በለው። ፋይሉ እጅህ ላይ ያለ ወይም አፑ ምስሉን የመያዝ ሥልጣን ያለው ሲሆን ነው ይሄ የሚሠራው። ጌም ላይ ለዚህ ነው ዘዴ የሌለው። አንተ ገና ያልተኮስከውን ጥይት ድምፅ ማን ቀድሞ ይልካል? ለጌም ገመድ ነው።

ናሆም፦ ስልኬ ላይ ግን ዩቲዩብ በብሉቱዝ ማዳመጫ ሳይ ልክ ነው። አንድም ቀን አልዘገየብኝም።

ቤዛ፦ ዘግይቷል፣ አላወቅክም እንጂ። ማዳመጫው «እኔ ይህን ያህል እዘገያለሁ» ብሎ ለስልኩ ሊነግረው ይችላል። አፑ ያንን ሰምቶ ምስሉን ያስጠብቀዋል። ብዙ ፕሮጀክተርና ርካሽ የቴሌቪዥን ሣጥን ግን ይሄን ንግግር አይሰማም። ዩቲዩቡም አፕ ነው፣ ብሉቱዙም ብሉቱዝ ነው፣ ሁለቱ ግን አይነጋገሩም።

ናሆም፦ ስልኬን በገመድ አልባ ቲቪ ላይ ሳሳይና ድምፁን ከስልኩ ወደ ስፒከር ስልከውስ?

ቤዛ፦ እሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ስክሪንህን በዋይፋይ ስታንጸባርቅ ምስሉ ራሱ ተጨምቆ ይሄዳል፣ እሱም ይዘገያል። አንዳንዴ ከብሉቱዙም የባሰ ይዘገያል። ስለዚህ ያኔ ድምፁ ቀድሞ ሊገኝ ይችላል፣ ጄ ሳይሆን ኬ ነው የሚያስፈልግህ። መጀመሪያ ከንፈር ተመልከት ያልኩህ ለዚህ ነው። ሁለት ገመድ አልባ መንገድ አንድ ላይ ከመግጠም ግን ቲቪው ላይ በሚሰካው በክሮምካስት ሊንኩን ለቲቪው ብትሰጠው ይሻላል። ፊልሙን ቲቪው ራሱ ከኢንተርኔት ያወርደዋል፣ ድምፁና ምስሉ ከአንድ ቦታ ይወጣሉ።

ናሆም፦ የአፕል ሰዎችስ?

ቤዛ፦ እነሱ ትንሽ ተመቻችተዋል። አፕል ቲቪ ላይ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይፎንህን ስፒከሩ አጠገብ ይዘህ የምትለካበት ነገር አለ። ቲቪው ድምፅ ያሰማል፣ ስልኩ በማይክሮፎኑ ይሰማል፣ ልዩነቱን ራሱ ያስተካክላል። እኔ ሳየው ቀናሁ።

ናሆም፦ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አንዳንድ ፊልም መጀመሪያ ልክ ይሆንና መጨረሻ አካባቢ ይለያያል።

ቤዛ፦ እሱን በብሉቱዝ አታሳብ። የብሉቱዝ መዘግየት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው ማለት ይቻላል። እያደር የሚሰፋ ከሆነ ፋይሉ ነው። በሰከንድ በ24 ፍሬም የሚሄደው ምስል ለ23.976 ፍሬም ከተሠራ ድምፅ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። በሰዓት 3.6 ሰከንድ ይለያያሉ። እዚያ ላይ ጄ ስትደበድብ አትዋል፣ ሌላ ኮፒ ፈልግ።

ናሆም፦ ላፕቶፑን ይዤ መጥቻለሁ። ይኸው ጭብጨባዬ። ስፒከሩም ያው ነው። ልሞክር?

ቤዛ፦ አጫውተው። ... አዎ፣ ዘግይቷል። እጅህ ተለያይቶ ነው የሚሰማው። ጄ።

ናሆም፦ አንድ። ሁለት። ሦስት።

ቤዛ፦ ተቃርቧል። አንድ ጨምር።

ናሆም፦ አራት። 200 ላይ ነን። ገጠመ መሰለኝ?

ቤዛ፦ ገጠመ። አሁን ሆን ብለህ ሁለት ጨምርበት እስቲ።

ናሆም፦ አምስት፣ ስድስት... ኧረ! እጄ ሳይነካካ ጮኸ። ያስጠላል።

ቤዛ፦ አየህ? ያው 100 ሚሊሰከንድ ነው፣ ግን ሲቀድም አላስቀመጠህም። ወደ 200 መልሰው። ስትጠራጠር ወደ መዘግየቱ አድላ። 50 ከበዛብህ ደግሞ መሣሪያዎች በሚለው ሜኑ ውስጥ ቁጥሩን በእጅህ የምትጽፍበት አለ። ሌላ ፊልም ስትከፍት ግን ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ አትደንግጥ።

ናሆም፦ እና በኦክስ ገመድ ባደርገው ኖሮ?

ቤዛ፦ ይሄ ሁሉ ወሬ ባላስፈለገ። አስር ሜትር ገመድ በምንጣፉ ስር።

ናሆም፦ ይሄን መጀመሪያ ላይ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ቤዛ፦ ፕሮግራሙ በሦስት ደቂቃ ያልቅ ነበራ! እናትህስ ፊልሙን ጨረሱት?

ናሆም፦ የት! «እኔ ልተኛ፣ ስትስማሙ ቀስቅሱኝ» ብላ ገባች። ለቅዳሜ ቀጥሬያታለሁ። ፈንድሻውን ራሷ ይዤ እመጣለሁ ብላለች።