ዘጠና ደቂቃ

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ነው የምቀዳው፣ ድምፄ ጎርናና ቢሆን ይቅርታ። ከጀርባ የምትሰሙት ባጃጅ ነው። ሀዋሳ ላይ ከባጃጅ የሚያመልጥ ማይክ የለም።

አዋላጅ ነርስ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። አንድ ሌሊት ልንገራችሁ፤ ሆስፒታሉን አልጠራም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ የመጀመሪያዋን ያረገዘች ልጅ መጣች፣ ስምንተኛ ወሯ ነው። ገና ከበሩ ዳማ ከሴ ሸተተኝ። ግንባሯና አፍንጫዋ ሥር ጭማቂው ደርቋል። አማቷ «ምች ነው ሲስተር፣ ልብስ ስታጥብ ፀሐይ ላይ ውላ ነው፤ ራሷን ፈለጣት» አሉኝ። እኔም በዳማ ከሴ ነው ያደግኩት፣ አልሳቅሁባቸውም። የደም ግፊቷን ለካሁ፦ 170 በ115፣ ከባድ ግፊት።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፍኩ፣ ያውም በሚያምር ጽሑፍ። ከዚያ «ትንሽ ትረፍ፣ ደግመን እንለካለን» አልኩ። መድገሙ ጥፋት አልነበረም፤ የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ማረጋገጥ ደንብ ነው። ጥፋቱ በዚያ 15 ደቂቃ መድኃኒቱን ማዘጋጀት ሲገባኝ ቆሜ መጠበቄ ነው። 8:35 ላይ 168 በ112። ተለማማጅ ሐኪሙን፣ ኢንተርኑን፣ ጠራሁ፤ እሱም ለካ። ከእሱ በላይ ያለው፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ ሬዚደንቱ ጋ ደወለ፤ ኦፕራሲዮን ላይ ነው፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዙለት፣ «ድገሙትና ደውሉልኝ» አለ። ደገምን። የልጅቷ ክንድ ላይ የመለኪያው ጨርቅ መስመር ታትሞ ቀርቷል። በመጨረሻ የግፊት ማውረጃው ሃይድራላዚን ሲታዘዝ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ቁልፍ በቀን ተረኛዋ ጋውን ኪስ ቤቷ ገብቷል።

9:40 ላይ «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለች፣ ከዚያ አንቀጠቀጣት። መድኃኒቱ ደም ሥሯ የገባው 9:50 ነው። ቁጠሩት።

እሷም ልጇም ተርፈዋል። ግን በዚያ ሌሊት እውቀት የጎደለው ሰው አልነበረም። ሁላችንም ፈተና ላይ ብንጠየቅ እንመልሳለን፦ ከባዱ ግፊት ከተረጋገጠ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሕክምናው መጀመር አለበት፣ አለዚያ አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ሃይድራላዚን 5 ሚሊግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ ወይም ሌላው የግፊት ማውረጃ ኒፌዲፒን 10 ሚሊግራም የሚዋጠው። ኒፌዲፒኑን ቁልፍ ያላት ሰው ሳትመጣ ፋርማሲ ሮጬ ማምጣት እችል ነበር! የእኔ ጥርጣሬ ይህ ነው፦ ደጋግሞ መለካት የፍርሃታችን መደበቂያ ሆኗል። እጃችን እየሠራ ስለሚመስል ማንም አይወቅሰንም።

ሌላም አለ። «ማግኒዚየም ተሰጥቷታል» ከተባለ ሁሉም ይረጋጋል። ማግኒዚየም ሰልፌት ትልቅ መድኃኒት ነው፤ በ2002 የታተመው በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ወደ መንቀጥቀጥ የመግባትን ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ግን የግፊት ማውረጃ አይደለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግፊቱንም ቢሆን በአንዴ 120 በ80 እናድርገው ማለት አይደለም፤ ድንገት ከወረደ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ያንሳል፣ ሕፃኑ ይታፈናል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ስብሰባ ተደረገ፣ እሱን ልዝለለው። የሠራው አንድ ምሳ ዕቃ ነው። አዎ፣ ከገበያ የገዛሁት ክዳኑ ቀይ የሆነ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ። ሃይድራላዚን፣ ኒፌዲፒን፣ ማግኒዚየም፣ ማግኒዚየሙ ቢበዛባት ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ሲሪንጅ፣ ማግኒዚየሙ እንዳልበዛባት የጉልበቷን ምላሽ የምናይበት መዶሻ። ክዳኑ ላይ መጠኑ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ኃላፊው ሐኪምም አዋላጇ የመጀመሪያውን መጠን ሬዚደንት ሳትጠብቅ እንድትጀምር ፈረመ። ያ ፊርማ ከምሳ ዕቃው በላይ ነው፤ ካርዱ ላይም «የተለካበት ሰዓት» እና «የተሰጠበት ሰዓት» ጎን ለጎን እንጽፋለን።

አማቷን ከወሊድ በኋላ ለክትትል ሲመጡ አገኘኋቸው። ከወለደች በኋላም ግፊቱ ሊነሳ እንደሚችል፣ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ከጡቷ በታች ሆዷን ካመማት ወዲያው እንዲያመጧት ነገርኳቸው። «ዳማ ከሴውስ?» አሉኝ። «እማማ፣ እየመጣችሁ ባጃጅ ላይ ቀቧት» አልኳቸው። ሳቁ።

ምሳ ዕቃው ግን ሰላም የለውም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሃይድራላዚን ጎደለ፣ ሌላ ክፍል ተበድሮት ነው። ወዲያው «ቁልፍ ይደረግለት» ተባለ። ቁልፍ! ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈን ቀኑን እንጽፍበት ጀመርን፤ የተቀደደ እንደሆነ ተረኛዋ ቆጥራ ትተካለች። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ተቀድዶ ነበር፣ እኔ ነኝ የቀደድኩት። ተለካ 10:05፣ ተሰጠ 10:27።