መዝሙሩ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት

የተወደዳችሁ ዘማሪያን፣ የአምልኮ መሪዎች፣ አቀናባሪዎች፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ እንነሳ። በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ 7 ዓመት ታስሯል። መዝሙሮቹ ግን በካሴት እየተገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ አልፈዋል። ካሴት በተገለበጠ ቁጥር «ሽሽ» የሚለው ድምፅ ይጨምራል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ይሞታል፤ ብዙ ከተገለበጠ የሚተርፈው ዜማውና ቃሉ ነው። እነዚያ መዝሙሮች ይህን አልፈው ዛሬም በጉባኤ ይዘመራሉ። የዛሬው ዲጂታል ቅጂ ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥም ስለማይደበዝዝ ደካማውን ዜማ ያጋለጠ የነበረው ወንፊት የለም። ወንፊቱን እኛው እንሥራ።

መዝሙሩን ላልሰሙ 10 ሰዎች ያለ ኪቦርድ፣ በጭብጨባ ብቻ ዘምሩላቸው። አዝማቹ ሦስተኛ ሲመጣ አብረው ካልያዙት ጉድለቱ ዜማው ላይ ነው፤ የትኛውም ቅንብር አይሸፍነውም። ቀጥሎ የዜማውን የድምፅ ከፍታ እዩ። ዘማሪ ለራሱ ድምፅ የሚያምረውን ይመርጣል፣ ጉባኤው ግን አዝማቹ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። 2 ወይም 3 ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ፍጥነቱንም ጉባኤ ሲዘምረው በስልክ ቀድታችሁ ለኩት። በደቂቃ 72 ምት የሚዘመረውን ስቱዲዮ ውስጥ 80 ብታደርጉት መተንፈሻው ጠፍቶ የስንኙ መጨረሻ ይዋጣል። መሣሪያዎቹ ከተቀዱ በኋላ ይህን ማረም ሌላ ቅጂ እንደመጀመር ነው።

አሁን ብዙ አልበም ወደሚያበላሸው ነገር፤ ኦቶቱን፣ ማለትም የዘማሪን ድምፅ ወደ ትክክለኛው ከፍታ የሚያርመው ፕሮግራም። የአምባሰልን ቅኝት ከሲ ስንነሳ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። ፕሮግራሙ በሲ ሜጀር ከተተወ ዲ ፍላትንም ኤ ፍላትንም አያውቃቸውም፤ ወደ ጎረቤት ድምፅ ይጎትታቸዋል። ያኔ የሚሰማው አምባሰልም አይደለም፣ ሌላም አይደለም። መፍትሔው አምስቱን ድምፆች ብቻ ከፍቶ ሌሎቹን መዝጋት፣ የማረሚያውንም ፍጥነት ማዘግየት ነው፤ ካልዘገየ የጉሮሮው መርገብገብ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። ሚክስ የሚሠራው፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች የሚያዋህደው ሰው ቅኝቱን ላያውቅ ይችላል፣ ነውርም የለበትም። በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።

ስትቀዱ ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ራቁ። የጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ከበዛ ክሊኩ፣ ማለትም ፍጥነት የሚጠብቀው ምት፣ ሾልኮ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ ጸጥ ባለው የጸሎት ክፍል ላይ ቲክ ቲክ ይላል። ማስተሪንግ ላይ፣ ማለትም በመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ላይ፣ «ጮክ አድርገው» አትበሉ። ዩቲዩብ ከልክ በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፣ ለእናንተ የሚቀረው መታፈኑ ነው።

ስለ ውል ሁልጊዜ «በጌታ ፍቅር እንስማማለን» እንባባላለን። ፍቅሩ ይኑር፣ ወረቀቱም ይኑር። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና የዜማ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ለአቀናባሪው የተከፈለው ለሥራው ብቻ ነው ወይስ ድርሻም አለው የሚለው ቀረጻ ሳይጀመር ይጻፍ። የዩቲዩብ ቻናሉ ኢሜይልና የይለፍ ቃል በማን እጅ እንደሚሆንም አትርሱ። ስቱዲዮውን ስትለቁ የእያንዳንዱን መሣሪያና የድምፃችሁን ፋይል ለየብቻ፣ የዘማሪ ድምፅ የሌለበትንም የሙዚቃ ቅጂ፣ በሁለት ዲስክ ይዛችሁ ውጡ። አንድ ዲስክ ሲበላሽ ሙሉ አልበም ይዞ ይሄዳል።

ከሻይ በኋላ ያልተቀዳ መዝሙር ያላችሁ ወደ መድረኩ ኑ። ኪቦርዱን እናጠፋዋለን።