እናቴ የደበቀችው ውሃ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ከወትሮው የተለየ ጸጥታ ከተሰማችሁ ቬንትሌተሩን ስላጠፋሁት ነው። ድምፁ ወደ መቅረጫው እየገባ አስቸገረኝ። መስኮቱንም ለባጃጆቹ ብዬ ዘግቼዋለሁ። በሰኔ ወር ድሬዳዋ ውስጥ መስኮት ዘግቶ፣ ቬንትሌተር አጥፍቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሀገሬ ልጆች ታውቁታላችሁ። ላቡ በጀርባዬ እየወረደ ነው፤ ቢሆንም ይህን ነገር ሳልነግራችሁ ሳምንቱ እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

ነገሩ የአንድ ጎማ ነገር ነው። ከፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሩ አፍ ላይ ያለው፣ ግራጫው፣ እጥፋት እጥፋት ያለው ጎማ።

እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን የሰው ልብስ አጥባ ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ካሉ ሦስት ቤቶች ልብስ ትቀበልና ግቢያችን ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ በሁለት ሳፋ ታጥብ ነበር። ከልጅነቴ አጥርቼ የማስታውሰው እጇን ነው። የጣቶቿ ጫፍ በሳሙናና በበረኪና ተልጦ ሎሚ ሲነካው ትንፋሿን ሳብ ታደርግ ነበር። አንሶላ ለመጭመቅ ግን ያን እጅ የሚያህል አልነበረም። ጫፍና ጫፉን ይዘን ስንጠመዝዝ አንሶላው ከመዞሩ በፊት እኔ እዞር ነበር።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ መጀመሪያ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የገዛሁት ያን ማሽን ነው። በጅቡቲ በኩል የገባ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ሰባት ኪሎ ያጥባል። እናቴ ለአንድ ወር ያህል አላመነችውም። በርጩማዋን ከፊቱ አድርጋ፣ በመስታወቱ በኩል ልብሱ ሲገለባበጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታየው ነበር። ሲያበቃ የሸሚዙን አንገትጌ እያገላበጠች ትመረምራለች። ውሎ አድሮ ተላመዱ። የጣቶቿ ቆዳም ዳነ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ከሥራ በጊዜ ተመለስኩ። ማሽኑ ሥር የታጠፈ አሮጌ ፎጣ አየሁ። «ይህ እዚህ ምን ያደርጋል?» አልኳት። «ወለሉን ስወለውል ረስቼው ነው» አለች። አነሣሁት፤ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ከበሩ ኋላ ደግሞ እስከ ግማሽ የሞላ ሳፋ ተቀምጧል። ዝም ብዬ ሳያት ጊዜ ተናገረች። «አንቺ ልጅ፣ ተበላሸ ብልሽ አዲስ ካልገዛሁ ልትዪ ነው። ከየት ታመጪያለሽ? እኔ እየጠረግሁ መኖር አያቅተኝም።» ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከጥምቀት ጀምሮ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እጇ እንዲያርፍ ብዬ ያመጣሁት ዕቃ በጉልበቷ አንበርክኮ ወለል ሲያስጠርጋት ከርሟል፤ ያውም ተደብቃ። ደግሞ ውሃው! ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በተራችን ሌሊት ተነሥተን በርሜሉንና ሮቶውን እንሞላለን። እንዲህ ያለ ማሽን በአንድ እጥበት ሃምሳ ሊትር ገደማ ይጠቀማል፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። ለዚህ ነበር ከሳፋው ይሻላል ብዬ የወደድኩት። እናቴ የፈሰሰውንም አልጣለችውም፤ በፎጣው እየቀዳች፣ ሳፋው ላይ እየጨመቀች፣ ለመጸዳጃ ቤት ታውለው ነበር።

በማግሥቱ ጠጋኝ አስጠራሁ። ጎንበስ አለ፣ በሩን ከፈተ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አየና «ይህ አይሠራም፤ ሌላ ብትገዙ ይሻላችኋል» አለ። የያዘውን ካቻቢቴ ከቦርሳው እንኳ አላወጣም። እናቴ አንገቷን ደፋች፤ የፈራችው እሱን ነበርና። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተናደድኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ሰው ያላየውን ነገር እንዴት ይፈርድበታል?

ጎረቤታችን ያሉ አንድ አባት አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በምድር ባቡር መጠገኛ ውስጥ ነው። ይህን ስል የከተማችንን ነገር ማንሣት አለብኝ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ተራራው አስቸግሮ ወደ ሐረር መውጣቱ ስለቀረ፣ ከሥሩ ይህች ከተማ ተቆረቆረች፤ ያን ጊዜ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሐዲድ ላይ የሚሰበረው ብረት የሚጠገነው እዚህ ነበር። የተበላሸው ክፍል ከባሕር ማዶ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በቶርኖ ይቀረጻል። ጋሼ ከዚያ ትውልድ ናቸው። መጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ በስልኬ መብራት እያበራሁላቸው ጎማውን በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ ያለቀው ጎማው ነው። ጎማ ያልቃል፣ ይለወጣል። ማሽኑ ምን በደለ?» አሉኝ።

ቀጥሎ ያሳዩኝን ነገር ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። «እጅሽን አስገቢና ከበሮውን ወደ ላይ ግፊው» አሉ። ገፋሁት፤ ዋለለ። ማሽኑ ከውጭ ሲታይ እንደ ቁም ሣጥን የቆመ ነው፤ ሆዱ ግን አልቆመም። ልብሱ የሚዞርበት ከበሮና ውሃውን የሚይዘው ገንዳ ከላይ በሞላ ተንጠልጥለው፣ ከታች በአሞርትዛተር ተደግፈዋል። ልብሱን ሲያደርቅ ከበሮው በደቂቃ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ሊዞር ይችላል፤ ገንዳውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ውጪያዊው ገላ ደግሞ መቆም አለበት። በበሩ አፍ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ከቆመው ጋር የሚያገናኘው ያ ጎማ ነው። አንዱ ጠርዙ ገንዳውን፣ ሌላው ጠርዙ የማሽኑን ፊት ይይዛል፤ መሐሉ እጥፋት ነው፤ ገንዳው ሲናወጥ እጥፋቱ አብሮ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ውሃውንም አያሳልፍም። ይህን ሳውቅ ያን ግራጫ ነገር እንደ ድሮው ላየው አልቻልኩም።

እጥፋቱን በጣቴ ገለጥኩት። ውስጡ አንድ ብር ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦ፣ የወንድሜ ካልሲ፣ ጭቃ የሆነ አሸዋ ነበር። ከታች በኩል ጥቁር ሻጋታ፤ ሽታው እንደ ከረመ እርጥብ ጆንያ። ከጠርዙ ላይ ደግሞ የሻይ ማፍያችን ውስጥ የምናውቀው ያው ነጭ ድንጋይ ተጋግሯል፤ የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነውና ኖራው ብዙ ነው። የተቀደደው ከታች በግራ በኩል ነው። ስንዘረጋው የትንሿን ጣቴን ግማሽ ያህላል። የፀጉር ሽቦው ያረፈበት ቦታ ላይ ነበር።

ለካ በየቀኑ ልናደርገው የሚገባ ትንሽ ነገር ነበረ። ከእጥበት በኋላ በሩን ከፍቶ መተው። እጥፋቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ኪስ መፈተሽ። በረኪና ጎማው ላይ አፍስሶ አለመተው፤ ውሎ አድሮ ያደርቀዋል፣ ያሰነጣጥቀዋል። እኛ ደግሞ አቧራ እንዳይገባ ብለን፣ ለክብሩ ብለን፣ በሩን ጥርቅም አድርገን ዘግተን ጥልፍ ዳንቴል ከላዩ እናለብሰው ነበር። በእንክብካቤ አበሰበስነው። ማን ነገረን? ዕቃው ባሕር ተሻግሮ፣ በጭነት ተጭኖ እኛ ቤት ሲደርስ አያያዙ ወደብ ላይ ቀርቷል። ከገዛነው ሰው እስከ ጎረቤቶቻችን፣ ስንቱ ቤት በሩ ተዘግቶ የሚሻግት ማሽን እንዳለ ሳስብ ይቆጨኛል፤ ይህን ክፍል መቅረጼም ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስባችሁ። ኖራውን ለማስለቀቅ አቼቶ፣ ሻጋታውን ለመግደል በረኪና የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጓቸው። ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። እናቴ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደጋግማ ልታደርገው ስትል አስቁሜያታለሁ።

መጀመሪያ ለመለጠፍ ሞከርን። ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ የብስክሌት መለጠፊያና ማስቲሽ አመጣሁ፤ ጎማውን አጥበን፣ አድርቀን፣ በአሸዋ ወረቀት ፈትገን ለጠፍነው። አራት እጥበት ቆየ። በአምስተኛው ጠርዙ ተነሣ። ጋሼ እንደነገሩኝ ከላይ በኩል ያለች ትንሽ ቀዳዳ ብትሆን ልጣፉ ሊያከርማት ይችላል፤ ከታች ግን ሙቅ ውሃ ይተኛበታል፣ እጥፋቱም ያለ እረፍት ይታጠፋል ይዘረጋል። ስለዚህ ከታች ለተቀደደ ልጣፍ አልመክርም።

አዲሱን ጎማ ፍለጋ እዚሁ ከተማችን ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን የሄድኩት በቀትር ነበር፤ በዚያ ሙቀት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው በርጫው ላይ፣ ጫቱን እየቃመ ነው። አመሻሽ ላይ ተመልሼ «የሰባት ኪሎ ማሽን የበር ጎማ» ብዬ ገዛሁ። ቤት ሳመጣው ከላዩ የውሃ ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ የእኛው ግን አለው። ኪሎው ብቻ አይበቃም። በሩ ሲከፈት ከጠርዙ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ሂዱ፤ ከተቻለ አሮጌውን ጎማ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ሱቁ ጨዋ ሰው ነበር፤ «አይዞሽ እኅቴ» ብሎ ለወጠልኝ።

እሑድ ጠዋት ጀመርን። ሶኬቱን ነቀልን፣ የውሃውን ቧንቧ ዘጋን፣ ሁሉንም ከመንካታችን በፊት ፎቶ አነሣሁ። ጋሼ ወንበር ላይ ሆነው ይነግሩኛል፤ እጁ የእኔ ነው። ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ የላይኛውን ክዳን አነሣሁ። ውስጡን ሳይ ገንዳው ላይ የታሰረ የኮንክሪት ድንጋይ አገኘሁ! ሲዞር እንዳይዘል የሚያከብደው እሱ ነው። በሲሚንቶ ከተማ ተወልጄ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሲሚንቶ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ማውጣቱ ቀላል ነው። የፊተኛውን ጠርዝ ስትገልጡት ከሥሩ ሞላ ያለው የሽቦ ቀለበት አለ፤ በካቻቢቴ ሳብ ሲደረግ ይወጣል። ጎማው ከፊት ይላቀቃል፤ የበሩን መቆለፊያ ሁለት ብሎን ፈትታችሁ ወደ ውስጥ ታሳልፉታላችሁ። ውስጠኛው ማሰሪያ በእኛ ማሽን በብሎን የሚጠብቅ ስለሆነ ከላይ ረጅም ካቻቢቴ አስገብቼ ፈታሁት፤ የፊቱ ገላ ጭምር መነሣት ያለበት ማሽንም አለ። ከዚያ የገንዳውን ጠርዝ ከኖራውና ከሳሙና ዝቃጩ እስኪጠራ አጸዳሁ። ይህን ቸል ማለት አይገባም፤ አዲሱ ጎማ ቆሻሻ ላይ ካረፈ ያው ያፈስሳል።

አዲሱን ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሼ ከላይ ጀምሬ አስገባሁት። ከላይ ያለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ገንዳው ላይ ካለው ምልክት ጋር መግጠም አለባት። እንዲህ ሲሆን ከታች ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በትክክል ወደ ታች ይውላሉ፤ እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ የሚመለሰው በእነሱ ነው። ቀዳዳው ከታች እንዳይሆን ጎማውን ገልብጦ የሚገጥም ሰው አለ፤ ውሃው መውጫ አጥቶ እዚያው ይሸታል።

ያቃተኝ የመጨረሻው ነው። ያ የሽቦ ቀለበት። በአንድ በኩል ሳስገባው በሌላው ይወጣል፤ ሞላውን ስስብ ከላይ ይዘላል። አንድ ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጋሼም እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሊያግዙኝ አልቻሉም። እናቴ እስከዚያ ድረስ ቡና እያፈላች ዝም ብላ ታየን ነበር። ተነሥታ መጣች፤ ሽቲ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ተንበረከከች። «ያዥልኝ የምትዪው የቱን ነው?» አለች። አሳየኋት። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ከላይ ሽቦው ላይ አሳረፈች፤ ሞላውን በፒንሳ ወደ ታች ስስብ ሽቦው ንቅንቅ አላለም። አንሶላ የሚጨምቀው ያ እጅ ነበር። ሽቦው ቦይው ውስጥ ጠቅ ብሎ ገባ።

መቆለፊያውን መለስኩ፣ ክዳኑን አሠርኩ፣ ልብስ ሳናስገባ በአጭሩ አስነሣነው። ውሃው ገባ፤ ከበሮው መዞር ጀመረ። ጋሼ ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። እናቴ እንደ ጥንቱ በርጩማዋን ከፊቱ አድርጋ ተቀመጠች። ልብስ የለበትም፤ የምታየው ውሃውን ብቻ ነው። ማድረቂያው ላይ ሲደርስ ጎንበስ አለችና መዳፏን ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ አሳረፈች፤ ማሽኑ እስኪቆም ድረስ አላነሣችውም። ከዚያ አንሥታ፣ ከልማዷ የተነሣ፣ ሽቲዋ ላይ ጠረገችው። ጨርቁ አልረጠበም።