ከሰርጉ ፎቶ ሥር የነበረው ወታደር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ከፊቴ አንድ ፎቶግራፍ አለ፣ ስለ እሱ ላወራችሁ ነው።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ያረፉ ጊዜ ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነቦ ነበር። ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ ብላ ጀምራ በልጅ ልጅ ቁጥር የምታልቀዋን። እዚያ ላይ ስለ ኮሪያ የነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «የአገራቸውን ጥሪ ተቀብለው ወደ ኮሪያ ዘምተው በጀግንነት ተዋግተው ተመልሰዋል» ይላል። ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ሕመም። እኔም አልቅሼ፣ አፈር አልብሼ፣ ሠልስቱን አውጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አባባ እራሳቸው በሕይወት እያሉ ከዚያች ዓረፍተ ነገር የበለጠ ተናግረው አያውቁም። ስንጠይቃቸው «ብርድ ነበር» ይሉና ዝም ይላሉ።

ፎቶው የተገኘው ከዓመታት በኋላ ታላቅ አክስቴ ቤት ነው። የአባባና የእማማ የሰርግ ፎቶ አለ፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው፣ እማማ በቬሎ፣ አባባ በጥቁር ሱፍ። አልበሙ ሲያረጅ የሰርጉ ፎቶ አንድ ጥጉ ተነሣና ከሥሩ ሌላ ፎቶ እንዳለ ታየ። ተጣብቆበታል። አክስቴ አልደነገጠችም። «እሱማ እናቴ የለጠፈችው ነው» አለች፣ እንደ ተራ ነገር።

ፒያሳ ያለ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ሙጫው በዱቄት የተሠራ ነበርና፣ ባለሙያው በእርጥበት ቀስ እያለ አላቀቀው። ከሰርጉ ሥር ሁለት ወታደሮች ወጡ። አንደኛው አባባ ናቸው፤ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላቸው አይመስልም። ሁለተኛውን በቤታችን የሚያውቀው የለም።

እስቲ ፎቶውን ላንብብላችሁ። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመዋል። ወፍራም ጃኬት፣ አንገት ላይ የሱፍ ሻርፕ፣ ጆሮ የሚሸፍን ፀጉራም ኮፍያ። መሬቱ ነጭ ነው፣ በረዶ። ከኋላቸው ቅጠል የሌለው ዛፍና የአሸዋ ጆንያ ክምር ይታያል። የአባባ ግራ ትከሻ ላይ ክብ ምልክት ተሰፍቷል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙ አይታወቅም፣ ቅርጹ ግን ጥርት ብሎ ይታያል፦ ሁለት የሰባት ቁጥሮች፣ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ተገልብጦ፣ ተጋጥመው። ይሄ የአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። ኮሪያ የዘመቱት የኛ የቃኘው ሻለቃዎች እዚያ ክፍለ ጦር ውስጥ፣ በ32ኛው ክፍለ ጦር ምድብ... ይቅርታ፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድበው ነበር የተዋጉት፤ ምልክቱንም ይለብሱ ነበር።

ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ። የዚያን ዘመን ሰው ፎቶ ሲሰጣጥ እንደሚጽፈው ነው፦ «ለማስታወሻ ለማይረሳው ወንድሜ» ይልና ሙጫው ቀሪውን በልቶታል። ከታች ከስሙ የቀሩት ሁለት ፊደላት፣ ከቀኑ ደግሞ «45» የምትል ቁጥር ብቻ ናት። የእጅ ጽሑፉ የአባባ አይደለም። አባባ ቃሎችን የሚለያዩት በሁለት ነጥብ ነው፤ ይሄኛው በባዶ ቦታ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር ማወቅ ቻልኩ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ኢትዮጵያ ሦስት ሻለቃ በተራ ልካለች። የመጀመሪያው ቃኘው፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ሁለተኛው፣ በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የሚመራው፣ በዓመቱ ተካው። ሦስተኛው በ1945 በረዶው ካለፈ በኋላ፣ በጸደይ፣ ገባና ተኩስ አቁሙ በሐምሌ 20 ሲፈረም እዚያው ነበር። በ1945 ዓ.ም. በረዶ የሚወርድበት ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፣ ያኔ ግንባር ላይ የነበረው ሁለተኛው ቃኘው ብቻ ነው። ስለዚህ አባባ የሁለተኛው ቃኘው ሰው ናቸው። ይህንን እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር! አንድ ኮፍያና አንድ ዛፍ ነገሩን።

ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን ምናልባት ታውቁ ይሆናል። ዘማቾቹ ደግሞ ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ ነበሩ። በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ ሳምንታት በመርከብ። አብዛኞቹ ባሕር አይተው አያውቁም። ጣሊያን በ1928 ሲገባ ሕፃን የነበሩ ልጆች ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ አቤት ብለው ሰሚ ባጡበት ዘመን ያደጉ። ለእነሱ ያልተደረገላቸውን ለሌላ ሕዝብ እንዲያደርጉ ነው የተላኩት። ይሄ ሐሳብ አሁንም ልቤን ይነካዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው ልምጣ።

ፎቶውን ይዤ አንድ አዛውንት የኮሪያ ዘማች ጋ ሄጄ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰላማቸውን እንዳልነሣቸው። ፊቶቹን አላዩም መጀመሪያ፤ ጫማውን ነው ያዩት። «እግር ነበር የሚገድለን» አሉኝ፣ «ካልሲ እየቀየርክ ብብትህ ውስጥ ታደርቃለህ»። ሁለተኛውን ልጅ አላወቁትም። እኔ ግን ትምህርት ቤት የተማርነውን ጠየቅኋቸው፦ 253 ጊዜ ተዋግተው 253 ጊዜ ማሸነፋቸውን፣ አንድም ሰው አለመማረኩን። ሁላችንም በኩራት የምንደጋግመውን ማለቴ ነው።

እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ አልተማረክንም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጓደኛህን ጥለህ አትመጣም ማለት ነው። ቆስሎም ቢሆን። ሞቶም ቢሆን። ሌሊት ዳገት ለዳገት ትሸከመዋለህ። ሲነጋ ልብስህ ላይ ያለው ደም የማን እንደሆነ አታውቀውም።»

ይሄንን ከሰማሁ በኋላ ያንን ቁጥር እንደ ድሮው መናገር አልቻልኩም። ኩራቱ እውነት ነው፣ አልክደውም። ከ6,000 በላይ ዘማች፣ ከ120 በላይ ሙት፣ ከ530 በላይ ቁስለኛ፣ ዜሮ ምርኮኛ። ፑሳን ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አለ፤ የብዙ አገር ወታደሮች እዚያ ተቀብረዋል። ኢትዮጵያዊ ግን ዛሬ እዚያ የለም፤ የሁሉም አስከሬን ወደ አገሩ ተመልሷል። ያ ዜሮ በሰው ጀርባ ላይ ተሸክመው ያመጡት ዜሮ ነው። እኛ ድሉን እንቆጥራለን፤ ጀርባው የማን እንደነበረ አንጠይቅም። በአባባ የሕይወት ታሪክ ላይ «በጀግንነት ተዋግተው» ስንል ያ ሌሊት የት ገባ? እኔ የማዝነው እዚህ ላይ ነው። ጀግና ብለን ጠርተን ጥያቄውን እንዘጋዋለን።

አክስቴን እንደገና ጠየቅኋት። ብዙ አሰበች። ከዚያ «መጋቢት ላይ የሚያወጣው ዝክር ነበር» አለች። በየዓመቱ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ አባባ ዳቦና ጠላ አዘጋጅተው ቤተ ክርስቲያን ይወስዱ ነበር። ለካህኑም የክርስትና ስም ይሰጣሉ። ያ ስም ከቤተሰባችን የማንም አይደለም። እማማ አንድ ቀን «ለማን ነው?» ብትል «ለወንድሜ» አሏት። አባባ ወንድም የላቸውም፣ ለእናታቸው አንድ ናቸው።

መጋቢት 1945 ላይ ሰባተኛው ክፍለ ጦር በያዛቸው ኮረብታዎች፣ ኦልድ ባልዲና ፖርክ ቾፕ በሚባሉት አካባቢ፣ ከባድ ውጊያ ነበር። የሁለተኛው ቃኘው ቆይታ ሊያበቃ የተቃረበበት ጊዜ ነው፣ ተተኪዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ሁለቱን ነገሮች አገናኝቼ የማስበውን እናንተም ታስባላችሁ። ግን የክርስትና ስም ከመዝገብ ስም ጋር አንድ አይደለም፤ ውትድርና የተመዘገበው በዓለም ስሙ ነው። ካህኑ የሚያውቁት አንዱን፣ ፎቶው ላይ ያለው ሁለት ፊደል የሌላኛው ነው። ድልድዩ አባባ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ የሉም።

ዝም ያሉት ለምን እንደሆነ ግን አሁን በመጠኑ ይገባኛል። ሐዘኑ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 1953 ላይ ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ ሲከሽፍ ብዙዎች ታሰሩ፣ ተበተኑ። ሻለቃዎቹ ሲዘጋጁ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ራሳቸው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት አንዱ ናቸው። ኮሪያ አብሮ የተሸከመ ሰው አዲስ አበባ ላይ በጠላትነት ተፈላለገ። አባባ ያኔ ከውትድርና ወጥተው የጭነት መኪና ሾፌር ሆኑ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ፤ ኮሚኒስትን ተዋግቶ የመጣ ሰው መዳሊያውን የሚደብቅበት ዘመን ሆነ። በ1969 የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር አባባ «ይቃጠል» አሉ ፎቶውን። አክስቴ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ታስታውሰዋለች። እማማ እንቢ አለች። ዱቄት በጠበጠች፣ ምድጃ ላይ አፈላች፣ የራሷን ሰርግ አምጥታ በላዩ ለጠፈችበት። ፈታሾቹ አልበሙን ገልጠው፣ ሙሽሮቹን አይተው፣ ሄዱ።

እማማ ያንን ወንድ አታውቀውም። ባሏ የሚያለቅስለት ሰው መሆኑን ግን ታውቅ ነበር። የቤታችን ጀግና ማን ነው ብትሉኝ፣ እኔ ከሁለቱ አልመርጥም።

የመጣሁበትን ልንገራችሁ። «ለማስታወሻ» ተብሎ የተሰጠ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ነው። አንዱ ሲሰጥ ሌላውም ይሰጣል። የሁለተኛው ልጅ ዕቃ ለቤተሰቡ ተልኮ ከሆነ፣ የሆነ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ወይም አልበም ውስጥ፣ ይኸው ፎቶ አለ። በጀርባውም የአባባ የእጅ ጽሑፍ አለ፣ ቃሎቹ በሁለት ነጥብ የተለያዩ። የዚያ ቤት ሰዎች ልጃቸው ሲወድቅ ብቻውን እንዳልነበረ፣ ስሙም በየመጋቢቱ እዚህ አዲስ አበባ ሲጠራ እንደኖረ የሚያውቁ አይመስለኝም። እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ኮሪያ ዘምቶ ያልተመለሰ አጎት ወይም አያት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እዩልኝ። ሁለት ወጣቶች፣ በረዶ ላይ። በስተግራ ያለው ረዘም ያለ፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ ያደረገ ነው፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለችው፣ ከቅንድቡ በላይ። በስተቀኝ ያሉት አባባ ናቸው። ካገኛችሁት ጻፉልኝ፤ የክርስትና ስሙን የምነግረው ለእናንተ ነው።

ደህና ሁኑልኝ።